የድሮ ጊታር ፔዳል ኮፒ ስንሠራ የትኛው ዕቃ የትኛውን ይተካል? ደሴ እና ኮምቦልቻ ላሉ ሠሪዎች የንጽጽር መመሪያ

የፔዳሉን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚለውጠውን በእግር የሚረገጥ ሳጥን፣ ሰርኪዩት ከኢንተርኔት አውርዳችኋል እንበል። የዕቃ ዝርዝሩን ይዛችሁ ደሴ ፒያሳ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ቤቶች አንድ በአንድ ትጠይቃላችሁ። የምታገኙት መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «የለም» ይላችኋል። ሌላው ከመሳቢያው የሆነ ነገር አውጥቶ «ይሄም ያው ነው» ይላል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። አንዳንዴ እውነትም ያው ነው። አንዳንዴ ድምፁ ይታፈናል። አንዳንዴ ደግሞ ፔዳሉ ጭራሽ አይነሳም።

ሰው ግራ ሲገባው ሁለት አጉል መንገድ ይከተላል። አንደኛው ወገን በዝርዝሩ ላይ ያለው የጃፓን ቁጥር ካልተገኘ ሥራውን ይተወዋል፣ ወይም ለአንድ አይሲ (ባለ ብዙ እግር ቺፕ) ብሎ ከውጭ የሚመጣ ሰው ወራት ይጠብቃል። ሌላው ያገኘውን ሁሉ ይሰካና ድምፁ ሲበላሽ «ኮፒ መቼም ኮፒ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም አያስፈልግም። ፔዳል ውስጥ ካሉት ዕቃዎች አብዛኞቹ በሌላ ቢተኩ ጆሮ አይለየውም። ድምፁን የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው። ገንዘቡም ጊዜውም መዋል ያለበት ለእነሱ ነው።

ለንጽጽሩ ሁለት ፔዳሎችን ይዣለሁ። ዋናው በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የወጣው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ቲኤስ808 ነው። ሁለተኛው በ1966 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው ፈዝ ፌስ ነው። ቲኤስ808ን ያስቀደምኩት ለኛ ባንዶች ስለሚመች ነው። ከ720 ሄርትዝ በታች ያለውን ድምፅ እየቀነሰ መሐለኛውን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ኪቦርዱና ቤዙ በሞላው መድረክ ላይ ጊታሩ ሳይጮህ ይሰማል። በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት ነጠላ ኖታ እየጎተተ ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

አንድ ዕቃ «ይተካል» ወይም «አይተካም» ከማለታችን በፊት አምስት ነገር እንይ።

የመጀመሪያው ሥራው ነው። አንድ ዓይነት ትራንዚስተር አንዱ ፔዳል ውስጥ ድምፁን ሳይነካ ያሳልፋል፣ ሌላው ውስጥ ድምፁ ራሱ እሱ ነው። ቁጥሩን ከመፈለጋችሁ በፊት «ይህ ዕቃ እዚህ ቦታ ምን እየሠራ ነው?» በሉ።

ሁለተኛው ልኬቱ ነው፦ ኦሙ፣ ፋራዱ፣ ቮልቱ። ላዩ ላይ የተጻፈው ሳይሆን በመልቲሜትር የተለካው።

ሦስተኛው የእግሩ አቀማመጥ ነው። ደሴ ውስጥ ተሠርተው ካልነሱ ፔዳሎች ብዙዎቹ የታመሙት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አራተኛው እዚሁ መገኘቱ ነው። ዛሬ ብታገኙትም ሲበላሽ ከየት ትተኩታላችሁ? አምስተኛው የሐሰት ዕቃ ስጋት ነው። ስመ ጥር ቁጥር ያለው አይሲ በርካሽ ሌላ አይሲ ላይ ታትሞ ይሸጣል።

ዋጋን ለብቻው አልቆጠርኩትም። ከአይሲ፣ ከጀርማኒየም ትራንዚስተር እና ከ500 ኪሎ ኦም ፖት (በቁልፍ የሚዞር ሬዚስተር) በቀር የሚከብድ ዋጋ ያለው ነገር የለም።

አይሲው፦ 4558 እና ወንድሞቹ

ቲኤስ808 ውስጥ ያለው ጄአርሲ 4558ዲ ነው። ስለዚህ አይሲ ብዙ ተብሏል፣ ብዙ ብርም ተከፍሎበታል። እኔ ግን የማምነው ይህ ነው፦ አምራቹ ማንም ይሁን፣ 4558 የሚል ቁጥር ያለው ጤነኛ አይሲ ሥራውን ይሠራል። ቁጥሩ ብርቅ አይደለም። በተበላሸ ዎፈር፣ በድሮ ቴፕ፣ በካራኦኬ ኢኮ ቦርድ ውስጥ በብዛት አለ። ሰኞ ገበያ ወይም ቁራሌው ጋ የሞተ ዎፈር ካያችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩት።

ካጣችሁ ቲኤል072 አስገቡ። እግሩ አንድ ነው፣ ባትሪ አይበላም፣ እንደ ልብ ይገኛል። ከ4558 በጣም ይፈጥናል፤ 4558 በማይክሮ ሰከንድ 1 ቮልት ገደማ ሲራመድ ቲኤል072 13 ቮልት ይራመዳል። በጆሮ ሲሰማ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ከላይ በኩል ጠራ ይላል። ኤንኢ5532ም ይሆናል፣ ጥራቱም ጥሩ ነው። ነገር ግን ያለ ሥራ ተቀምጦ 8 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳል። ይህ ከ4558 ሁለት እጥፍ በላይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ በ9 ቮልት ባትሪ ለሚጫወት ሰው አልመክረውም። አዳፕተር ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ችግር የለውም።

ኤልኤም358 በየሱቁ አለ፣ እግሩም ልክ ይገጥማል። ሆኖም ተዉት። የተሠራው ለኦዲዮ አይደለም፤ ሞገዱ ከላይ ወደ ታች በሚያልፍበት ቦታ ላይ የራሱን ብልሽት ይጨምራል። ኖታው እየሞተ ሲሄድ ሻካራ ነገር ይሰማችኋል። ኤልኤም393 ደግሞ የባሰ ወጥመድ ነው። እግሩ ከ358 ጋር አንድ ስለሆነ «ያው ነው» ተብሎ ይሸጣል። ግን ኮምፓሬተር ነው፣ አምፕሊፋየር አይደለም። እዚህ ቦታ አይሠራም። ኤልኤም386 በስምንት እግሩ ይመስላል እንጂ የስፒከር አምፕሊፋየር ነው፣ እግሩም ሌላ ነው።

የሐሰት አይሲ ፍርሃት ካለባችሁ መፍትሔው ቀላል ነው። አይሲውን ቦርዱ ላይ በቀጥታ ሶልደር አታድርጉት፣ ባለ ስምንት እግር ሶኬት አስገቡ። ከዚያ ሁለት ሦስት አይሲ እያፈራረቃችሁ አዳምጡ። የሚቀይረው ሌላ ሰው ቢሆን፣ እናንተም ባታዩ ይመረጣል። ቁጥሩን ያየ ጆሮ አይታመንም።

ዳዮዶቹ፦ እዚህ ላይ ረጋ በሉ

የፔዳሉ ጠባይ ያለው እዚህ ነው። ሁለት ዳዮዶች በተቃራኒ አቅጣጫ ተያይዘው አምፕሊፋየሩ (አይሲው) ዙሪያ ይቀመጣሉ። የጊታሩ ሞገድ ከተወሰነ ቮልት ሲያልፍ ይከፈታሉ፣ ጫፉንም ይቆርጡታል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ዓይነት ዳዮድ?» ሳይሆን «በስንት ቮልት ይከፈታል? እንዴትስ ይከፈታል?» ነው።

ሰርኪዩቱ ላይ ያለው ኤምኤ150 የሚባል የጃፓን ሲሊከን ዳዮድ ነው። እዚህ አታገኙትም፣ አያስፈልግምም። 1ኤን4148 ወይም 1ኤን914 በትክክል ይተካዋል። በ0.6 እና 0.7 ቮልት መካከል ይከፈታል። ቀይዋ ትንሽ የመስታወት ዳዮድ ናት፣ ከማንኛውም የሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ትወጣለች። ስትከፍቱት ግን ተጠንቀቁ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች አደገኛ ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

1ኤን4007 የትም ጥገና ቤት አለ። ይሠራል፣ ድምፅም ይሰጣል። ግን ለፓወር ሰፕላይ የተሠራ ዘገምተኛ ዳዮድ ስለሆነ ላይኛውን ድምፅ ትንሽ ያደበዝዛል። 4148 ከጠፋ አስገቡት፣ ስታገኙ ለውጡት።

ቀይ ኤልኢዲ የሚከፈተው በ1.7 ቮልት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሞገዱ ብዙ ሳይቆረጥ ይወጣል። ፔዳሉ ይጮሃል፣ ጣታችሁ ጠንከር ሲል ድምፁም ጠንከር ይላል። ይህ የቲኤስ808 ድምፅ አይደለም፣ ግን የሚወደው ሰው አለ። ቱቦ ያለው አምፕሊፋየርን ለመግፋት ይመቻል።

ጀርማኒየም ዳዮድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦኤ90፣ 1ኤን34ኤ፣ የሶቪየቱ ዲ9 እና መሰሎቻቸው በ0.2 እና 0.3 ቮልት መካከል ይከፈታሉ። «የድሮ ዕቃ ስለሆነ ድምፁ ይሞቃል» ተብሎ ይገባሉ። እውነታው እንዲህ ነው፦ የድምፁ መጠን በጣም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጀርማኒየም ሳይከፈትም ትንሽ ያሳልፋል። አምፕሊፋየሩ ዙሪያ ሲቀመጥ ይህ ማሳለፍ ጉልበቱን ይበላዋል፣ የድራይቭ (የማሻከሪያ) ቁልፉን ብታዞሩትም ብዙ ለውጥ አታዩም። ጀርማኒየም ዳዮድ ቦታው ሌላ ነው። ኤምኤክስአር ዲስቶርሽን ፕላስ የሚባለው ፔዳል ላይ ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ወደ ግራውንድ ተያይዞ ይሠራል፣ እዚያ ያምርበታል።

ሾትኪ ዳዮድ፣ ለምሳሌ 1ኤን5819፣ በቮልቱ ጀርማኒየም ይመስላል። ከአዳፕተርና ከፓወር ሰፕላይ በቀላሉ ይወጣል። ግን ለዚህ ቦታ አትጠቀሙበት። በውስጡ ያለው ካፓሲታንስ ትልቅ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከ200 ፒኮፋራድ ይበልጣሉ። አጠገባቸው ያለው የፔዳሉ ካፓሲተር 51 ፒኮፋራድ ብቻ ነው። ድራይቩ ሙሉ ሲከፈት የላይኛው ድምፅ መቁረጫ ከ5.6 ኪሎ ሄርትዝ ወደ 1 ኪሎ ሄርትዝ አካባቢ ይወርዳል። ጊታሩ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል። «ዳዮዱ ልክ ነው፣ ለምን ታፈነ?» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ጠይቁት።

ካፓሲተሮች

እዚህ ዋናው ነገር ኮዱን ማንበብ ነው። ትንሿ ሴራሚክ ላይ 47 ወይም 470 ከተጻፈ ሁለቱም 47 ፒኮፋራድ ነው። የመጨረሻው አኃዝ ስንት ዜሮ እንደሚጨመር ይነግራል፣ 470 ማለት 47 እና ምንም ዜሮ ማለት ነው። 471 ደግሞ 470 ፒኮፋራድ ነው። 51 ፒኮፋራድ በሚለው ቦታ 47 ብታስገቡ ልዩነቱ አይሰማም። 471 ብታስገቡ ግን ድምፁ ይሞታል። 473 ማለት 0.047 ማይክሮፋራድ፣ 224 ማለት 0.22 ማይክሮፋራድ ነው። እነዚህን ሁለቱን በቃላችሁ ያዙ፤ የቲኤስ808 ጠባይ የተጻፈው በእነሱ ነው።

0.047 ማይክሮፋራዱ ከ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ሆኖ ያን የ720 ሄርትዝ መነሻ ይሠራል። እዚህ ፊልም ካፓሲተር አስገቡ። ርካሹ ቡናማ ዲስክ ሴራሚክ ጥሩ አይደለም። ዋይ5ቪ የሚባለው ዓይነት በሙቀትና በብርድ ከልኬቱ እስከ 82 በመቶ ሊያጣ እንደሚችል የራሱ ደረጃ ይፈቅዳል። ግማሹን እንኳ ቢያጣ መነሻው ወደ 1,440 ሄርትዝ ይወጣል፣ ጊታሩም ይሳሳል። ቤዝ የበዛ ድምፅ ከፈለጋችሁ በተቃራኒው 0.1 ማይክሮፋራድ አስገቡ፣ መነሻው ወደ 340 ሄርትዝ ይወርዳል። ለብቻው ለሚጫወት ሰው ይመቻል። በባንድ ውስጥ ግን ከቤዝ ጊታሩ ጋር ይጋጫል።

0.22ቱ ኦሪጅናሉ ላይ ታንታለም ናቸው። ፊልም ካገኛችሁ ያለ ምንም ፍርሃት ተኩት። ታንታለም አቅጣጫው ከተገለበጠ ይበላሻል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ፊልሙ ግን አቅጣጫ የለውም፣ ብቻ ትልቅ ስለሆነ ቦርዱ ላይ ቦታ ተዉለት።

ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ከሞተ ዕቃ አታውጡ። ውስጡ በዕድሜ ይደርቃል። አዲሱ ርካሽ ነው፣ 16 ወይም 25 ቮልት የሚለውን ግዙ።

ትራንዚስተሮቹ፦ ድምፁ አንድ፣ እግሩ ሌላ

ቲኤስ808 ላይ ሁለት 2ኤስሲ1815 አሉ። ሥራቸው ምልክቱን ሳይለውጡ ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ ማንኛውም ትንሽ ኤንፒኤን ሲሊከን ይተካቸዋል። ቢሲ547፣ 2ኤን3904፣ 9014፣ ሲ945 ሁሉም ይሆናሉ። ለዚህ ቦታ ብርቅ ትራንዚስተር መፈለግ ብር ማባከን ነው።

ጉዳዩ እግሩ ነው። ጠፍጣፋውን ፊት ወደ እናንተ፣ እግሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሩ። 1815 ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው። ሲ945ም እንዲሁ ስለሆነ ዝም ብሎ ይገባል። 2ኤን3904 እና 9014 ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ናቸው፤ መሐለኛውን እግርና የቀኙን ማቋረጥ አለባችሁ። ቢሲ547 ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። «ገልብጬ ብሰካው ይሆናል» አትበሉ፤ ሲገለበጥም ቤዙና ኮሌክተሩ ቦታ እንደተለዋወጡ ይቀራሉ። እግሮቹን ስታቋርጡ አንዱን በቀጭን የሽቦ ልባስ ሸፍኑት።

ከተቃጠለ ኢኮኖሚ አምፖል የሚወጡትን 13001 እና 13003 አትጠቀሙ። ለከፍተኛ ቮልት የተሠሩ ናቸው፣ ጌናቸው (የማጉላት አቅማቸው) ዝቅተኛ ነው።

ፖትና ሬዚስተር

ሬዚስተር ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 51 ኪሎ ኦም ከጠፋ 47 እና 3.9ን በተከታታይ አገናኙ፣ ወይም 47ቱን ብቻ አስገቡ። 510 በ470 ይተካል። ካርበን ይሁን ሜታል ፊልም፣ ለኩትና ልኬቱ ልክ ከሆነ አስገቡት።

ፖት ግን ያስቸግራል። 500 ኪሎ ኦሙ ድራይቭ እዚህ በቀላሉ አይገኝም፣ ጥገና ቤቶች የሚይዙት ለቴፕና ለአምፕሊፋየር የሚሆነውን 50 እና 100 ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የጊታር ፖት ነው፤ ሃምበከር ያላቸው ጊታሮች አብዛኛውን ጊዜ 500 ኪሎ ኦም ይጠቀማሉ፣ የተበላሸ ጊታር ካለ አውጡለት። ሌላው 1 ሜጋ ኦም ፖት ላይ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በትይዩ ማሰር ነው፣ ጣሪያው 500 ኪሎ ይሆናል። የአዟዟሩ ስሜት ትንሽ ይለያል እንጂ ድምፁ ያው ነው።

ፖቱ ላይ ያለውን ፊደል አትመኑት። በእስያ ዕቃ ኤ ማለት ሎግ (መጀመሪያ ቀስ ብሎ በኋላ የሚፈጥን)፣ ቢ ማለት ሊኒየር (እኩል የሚጨምር) ነው። በድሮ የአውሮፓ ዕቃ ግን ኤ ማለት ሊኒየር ነበር። ቁልፉን መሐል ላይ አቁማችሁ ለኩ። ግማሽ ካነበበ ሊኒየር ነው። ከ10 እስከ 20 በመቶ ካነበበ ሎግ ነው። የቶን ፖቱ 20 ኪሎ ሲሆን የተለየ አካሄድ ያለው ነው፤ 20 ወይም 25 ኪሎ ሊኒየር አስገቡለት። ለውጡ ወደ ዳርና ዳር ይሰበሰባል እንጂ ይሠራል።

ፈዝ ፌስ ለምትፈልጉ፦ ጀርማኒየም ወይስ ሲሊከን?

ፈዝ ፌስ ውስጥ አንድ አይሲ የለም። ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት ፖት ነው። ስለዚህ ከላይ ስለ ትራንዚስተር ያልኩት እዚህ ይገለበጣል። ምርጫችሁ ድምፁን ይወስናል።

የመጀመሪያዎቹ ጀርማኒየም ነበሩ፣ ኤንኬቲ275 ወይም ኤሲ128። ኤንኬቲ275 ዛሬ በውድ ይሸጣል፣ የሐሰቱም ብዙ ነው። ኤሲ128 ግን በድሮ የአውሮፓ ትራንዚስተር ሬዲዮ ማውጫ በኩል፣ ስፒከሩ አካባቢ፣ ሊገኝ ይችላል። የሶቪየት ሬዲዮ ከሆነ ኤምፒ39 እስከ ኤምፒ42 ያሉት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ቁጥሩ ሳይሆን ልኬቱ ነው የሚፈለገው፦ የመጀመሪያው ጌን 70 አካባቢ፣ የሁለተኛው 120 አካባቢ።

መልቲሜትሩ ላይ ያለው የትራንዚስተር መለኪያ ለጀርማኒየም ይዋሻል። ሊኬጁን (ሳይከፈት የሚያሳልፈውን) እንደ ጌን ይቆጥረዋል። በእጅ ለኩት። ኤሚተሩን ከ9 ቮልት ፖዘቲቭ ጋር አገናኙ። ከኮሌክተሩ ወደ ኔጌቲቭ 2.2 ኪሎ እና 270 ኦም በተከታታይ አድርጉ። ቤዙን ነጻ ተዉትና በሁለቱ ሬዚስተሮች ላይ ያለውን ቮልት አንብቡ፣ 0.30 ቮልት እንበል። ይህ ሊኬጅ ነው። አሁን ቤዙን በ2.2 ሜጋ ኦም ወደ ኔጌቲቭ አገናኙ። 1.25 ካነበበ ልዩነቱ 0.95 ነው፣ በ100 አባዙት፣ ትክክለኛው ጌን 95 ነው። ሊኬጁ ከ0.5 ቮልት በላይ ያሳየውን ወደ ጎን አድርጉት። ስትለኩ በጣታችሁ አትያዙት። ከያዛችሁት ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ሽቅብ ይወጣል፣ ወደ ቦታው እስኪመለስም መጠበቅ አለባችሁ።

ይህ ሙቀት ለኛ ተራ ነገር አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ሐረጎን ወርደን ለሠርግ ወይም ለሆቴል ሥራ ስንሄድ በከፍታው ልዩነት ብቻ ወደ 4 ዲግሪ ይጨምራል። የጀርማኒየም ሊኬጅ ደግሞ በየ10 ዲግሪው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ 10 ዲግሪ እያለ ያስተካከላችሁት ፔዳል፣ ኮምቦልቻ ከሰዓት 25 ዲግሪ ላይ ሲነሳ ሊኬጁ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ላይ መሆን ያለበት 4.5 ቮልት ይሸሻል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ስለዚህ ጀርማኒየም የምትመርጡ 8.2 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር በ10 ወይም 20 ኪሎ ትሪመር (ትንሽ ማስተካከያ ፖት) ተኩት፣ ከሳጥኑ ውጭ በዊንዲቨር የሚደረስበት ይሁን።

ሌላም አለ። ኤሲ128 ፒኤንፒ ስለሆነ የፔዳሉ ግራውንድ ፖዘቲቭ ይሆናል። ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ አዳፕተር ብታያይዙት ሾርት ታደርጋላችሁ። ለብቻው ባትሪ ስጡት።

ሲሊከኑ፣ ቢሲ108 ወይም ቢሲ109፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ሙቀት አይነካውም፣ የኤንፒኤን ስለሆነ አዳፕተር ይጋራል። ድምፁ ግን ይሾላል፣ ጉልበቱም ይበዛል። የጊታሩን ቮልዩም ዝቅ ስታደርጉ እንደ ጀርማኒየሙ አይለሰልስም። አንዳንዴ የሬዲዮ ጣቢያም ይይዛል፣ ከግቤቱ ወደ ግራውንድ 100 ፒኮፋራድ ብትጨምሩ ይረዳል። መድረክ ላይ ለሚሠራ ሰው እኔ ሲሊከኑን እመርጣለሁ። ለቀረጻና ለቤት ጀርማኒየሙ ድካሙ ይገባዋል።

በአጭሩ ለማየት

| ኦሪጅናሉ | ሥራው | ጥሩ ምትክ | የማይሆን | የት ይገኛል |
|---|---|---|---|---|
| ጄአርሲ 4558ዲ | ማጉላት | ማንኛውም 4558፣ ቲኤል072 | ኤልኤም358፣ ኤልኤም393፣ ኤልኤም386 | የሞተ ዎፈር፣ ካራኦኬ ቦርድ፣ ሱቅ |
| ኤምኤ150 | ሞገድ መቁረጥ | 1ኤን4148፣ 1ኤን914 | 1ኤን5819፣ ጀርማኒየም | የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ |
| 0.047 ማይክሮፋራድ | የቤዝ መነሻ | ፊልም፣ ኮዱ 473 | ዋይ5ቪ ሴራሚክ | ሱቅ፣ የድሮ አምፕሊፋየር |
| 0.22 ታንታለም | ቶን | ፊልም፣ ኮዱ 224 | አቅጣጫው ያልታወቀ አሮጌ ታንታለም | ሱቅ፣ የድሮ አምፕሊፋየር |
| 2ኤስሲ1815 | ማሳለፍ | ሲ945 በቀጥታ፤ ቢሲ547፣ 2ኤን3904 እግር ተቋርጦ | 13001፣ 13003 | ሱቅ፣ ፓወር ሰፕላይ |
| 500 ኪሎ ፖት | ድራይቭ | የጊታር ፖት፣ 1 ሜጋ ከ1 ሜጋ ጋር በትይዩ | 50 ወይም 100 ኪሎ | አሮጌ ጊታር፣ ከአዲስ አበባ |
| ኤንኬቲ275 | የፈዙ ድምፅ | የተለካ ኤሲ128፣ ኤምፒ39 እስከ ኤምፒ42 | ያልተለካ ማንኛውም ጀርማኒየም | የድሮ ሬዲዮ |

ለማን የትኛው?

እጃችሁ ላይ ገንዘብ ከሌለ ቲኤስ808ን ሥሩ። አንድ የሞተ ዎፈርና አንድ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አይሲውን፣ ዳዮዶቹን፣ ትራንዚስተሮቹንና አብዛኛውን ሬዚስተር ይሰጧችኋል። የምትገዙት ኤሌክትሮላይቲኮቹን፣ ፖቶቹንና የእግር መርገጫ ስዊቹን ነው። ስዊቹ ላይ አትቆጥቡ፣ በጫማ የሚረገጠው እሱ ነው።

መጠነኛ በጀት ካላችሁ ከአዲስ አበባ የምታስመጡትን በሦስት ነገር ወስኑት፦ ፊልም ካፓሲተሮች፣ 500 ኪሎ ፖት እና ሁለት የተለያየ አምራች 4558። ሌላው ሁሉ እዚሁ አለ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ የሚማር ወዳጅ ካላችሁ ካፓሲታንስ የሚለካ ሜትር ያውሳችሁ። ከአሮጌ ዕቃ የወጣ ካፓሲተር ሳይለካ ባይገባ ይሻላል።

ለሌላ ሰው ሠርታችሁ የምትሸጡ ከሆነ ጀርማኒየም አትንኩ። ገዢው ኮምቦልቻ ወርዶ ድምፁ ሲቀየርበት ትሪመሩን የት እንደሚያዞር አያውቅም። ሁሌም የምታገኙትን ዕቃ ብቻ ተጠቀሙ፣ የተካችሁትንም ዝርዝር ክዳኑ ውስጥ ለጥፉለት። ነገ የሚጠግነው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።

ማንኛውንም ብትመርጡ፣ ቲኤስ808ን ሳጥኑ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት 9 ቮልት ስጡትና አይሲው ላይ 1ኛውንና 7ኛውን እግር ለኩ። ሁለቱም 4.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ወደ 0 ወይም ወደ 9 ከተጠጋ አይሲውን ቀይሩና ድገሙት። ሁለቱም ልክ ሆነው ድምፅ ከሌለ አይሲውን ተዉትና የትራንዚስተሮቹን እግር እንደገና ቁጠሩ።